አፈሙዙ ወደ ታች፦ የአውሮፕላን ትጥቅ ጅማሬ ከትሪፖሊ እስከ ጎጀብ

ሚዛን ተፈሪ፣ ቴፒና ማጂ ከመሀል አገር ጋር ለረጅም ዘመን ይገናኙ የነበረው ከመኪና መንገድ ይልቅ በአየር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም በረራ ሲጀምር የገዛቸው አምስቱ ሲ-47 አውሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የአሜሪካ ጦር ንብረቶች ነበሩ። ያው አውሮፕላን በሲቪል ስሙ ዲሲ-3 እየተባለ በቡናው አገር የሣር ሜዳዎች ላይ ለዓመታት ሲያርፍ ሲነሣ ኖሯል። የዚህ አካባቢ ሰው አውሮፕላን ሲባል መንገደኛና ፖስታ የሚያስበው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ግን በምዕራቡና በደቡብ ምዕራቡ ሰማይ ላይ ያንዣበበው አውሮፕላን ቦምብና መትረየስ የታጠቀ ነበር። አውሮፕላን መቼ ታጠቀ? በምን ታጠቀ? ትጥቁስ በኢትዮጵያ ምን ሠራ፣ ምንስ መሥራት አቃተው? ይህን ታሪክ መሐንዲሶች፣ የሕግ ሰዎችና አርበኞች በየፊናቸው ይተርኩታል። መሐንዲሱ መትረየስ በሚሽከረከር ፕሮፔለር መካከል እንዴት እንደ ተኮሰ ይነግረናል። የሕግ ሰው የተጣሱትን ስምምነቶች ይቆጥራል። አርበኛው ደግሞ ከሰማይ የወረደበትን ያወሳል። ሦስቱን ጎን ለጎን ስናነብ መሐንዲሶቹ አብዝተው የሚያደንቁት ፈጠራ በእኛ ሰማይ ላይ ትንሽ ቦታ ብቻ እንደ ነበረው፣ የጦርነቱን መልክ የለወጠው ሌላ ትጥቅ እንደ ነበረ እናያለን።

ከኪስ የወጣ ቦምብ

የራይት ወንድማማቾች ከበረሩ ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1904 ዓ.ም ጁሊዮ ጋቮቲ የተባለ ወጣት ጣሊያናዊ መኮንን ከትሪፖሊ ተነሥቶ በረረ። የያዛቸው እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ አራት ቦምቦች ነበሩ። ሦስቱን በቆዳ ከረጢት፣ አንዱን በካፖርቱ ኪስ አድርጎ፣ በአንድ እጁ አውሮፕላኑን እየነዳ በሌላው ማቀጣጠያውን እየገጠመ፣ አይን ዛራ በተባለ ቦታና በአቅራቢያው በሰፈሩ የቱርክና የአረብ ተዋጊዎች ላይ ጣላቸው። ያደረሱት ጉዳት እምብዛም አልነበረም። ይሁንና ከአውሮፕላን በሰው ላይ ቦምብ መጣል የተጀመረው በዚያ ቀን ነው። የጀመረችው ጣሊያን፣ ቦታውም የአፍሪካ ምድር መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1899፣ በሄግ የተሰበሰቡ መንግሥታት ከፊኛ ላይ ፈንጂ መጣልን ለአምስት ዓመት የሚከለክል መግለጫ አውጥተው ነበር። ጊዜው አልፎ ኖሮ ማንንም አላገደም።

በዚያው ሰሞን አሜሪካኖች ሌላ ነገር ይሞክሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ጄኮብ ፊክል የተባለ መኮንን ከአውሮፕላን ላይ በጠመንጃ ተኮሰ። በ1912 ደግሞ ቻርልስ ቻንድለር ከራይት አውሮፕላን ላይ የሉዊስ መትረየስን ሞከረ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ግን አብዛኞቹ አውሮፕላኖች ለቅኝት ብቻ የሚበሩ ነበሩ፤ አብራሪዎቹ የሚይዙት ሽጉጥ፣ አጭር ጠመንጃ ወይም በእግረኛ ላይ የሚበተን የብረት ቀስት ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1914 ፈረንሳውያኑ ጆዜፍ ፍራንዝና ሉዊ ኬኖ በሆችኪስ መትረየስ አንድ የጀርመን አውሮፕላን ጣሉ። አውሮፕላን በአውሮፕላን ተተኩሶበት ሲወድቅ የመጀመሪያው ነበር።

የቀረው ችግር ፕሮፔለሩ ነው። አብራሪው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወዳነጣጠረበት እንዲተኩስ መትረየሱ ከፊቱ መሆን አለበት፤ ከፊቱ ደግሞ ፕሮፔለሩ ይሽከረከራል። ፈረንሳዊው ሮላን ጋሮስ የሚመቱትን ጥይቶች የሚያንሸራትት ሦስት ማዕዘን ብረት በፕሮፔለሩ ላይ አስሮ ከእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1915 መጀመሪያ አንሥቶ ጥቂት አውሮፕላኖችን ጣለ። ብዙ ሳይቆይ ከጠላት ወገን አርፎ ተማረከ። በአንቶኒ ፎከር ስም የሚታወቀው የጀርመን ፋብሪካ ደግሞ የሞተሩ ዙር ራሱ መትረየሱን እንዲያዝ አደረገ፤ ምላጩ ፊት ለፊት ሲደርስ ተኩሱ ይቆማል፣ ሲያልፍ ይቀጥላል። በዚህ መሣሪያ ኩርት ቪንትገንስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1915 የመጀመሪያውን አውሮፕላን ጣለ። ጦርነቱ ሲያልቅ የትጥቁ ሥርዓት ረግቶ ነበር። ባለ ሁለት መቀመጫው አውሮፕላን ከፊት በፕሮፔለር መካከል የሚተኩስ መትረየስ፣ ከኋላ ተመልካቹ ወደፈለገበት የሚያዞረው መትረየስ፣ ከክንፉ ሥር ቦምብ ይይዛል። ኋላ አዲስ አበባ የገባው ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ 25 የዚሁ ሥርዓት ልጅ ነው።

በጎረቤት ሰማይ

ከአውሮፓው ጦርነት ማግስት ለቅኝ ገዥዎች የተገለጠላቸው ነገር በሰማይ ላይ ተቀናቃኝ በሌለበት አገር አውሮፕላን ርካሽ ጦር መሆኑ ነው። ለዚህ ዋናው ማስረጃ ከደጃችን ይገኛል። ሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን እንግሊዞችን በሶማሊያ ምድር ለሃያ ዓመት ያህል ሲፋለሙ ኖረው፣ በጥር 1912 ዓ.ም በ12 ዲኤች-9 አውሮፕላኖች ምሽጎቻቸው ተደበደቡ። ከምድር ጦሩ ጋር የተቀናጀው ዘመቻ በጥቂት ሳምንታት ተፈጸመ፤ ሰይድ መሐመድም ወደ ኦጋዴን ሸሽተው በ1913 ዓ.ም ኢሚ ላይ አረፉ። ከዚህ በኋላ ለንደን ውስጥ «በአየር መቆጣጠር» የሚባለው አሠራር ደጋፊ በዛለት። እንዲህ ላለው ሥራ ፕሮፔለር ዘልቆ የሚተኩስ መትረየስ እምብዛም አያስፈልግም፤ የቦምብ ማንጠልጠያና የነዳጅ በርሜል ይበቃል።

ከበራሪ ወረቀት ወደ ቦምብ

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም በፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ የሚበር ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ አረፈ። በነሐሴ መጨረሻ ጀርመን ሠራሹ ዩንከርስ ተከተለ። አልጋ ወራሽ ንጉሥ ተፈሪ መኮንን አውሮፕላኖቹን ያስመጡት ለክብር ብቻ አልነበረም። ስምንት ወር ሳይሞላ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ሸፈቱ፤ የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ይገዙም ጦር ይዘው ዘመቱ።

ሁለቱ ወገኖች በተገናኙበት በአንቺም ጦርነት ከአውሮፕላን መጀመሪያ የወረደው ወረቀት ነበር። ራስ ጉግሣ በንጉሡ ላይ ያመፁ መሆናቸውን፣ የሚከተላቸውም እንደሚወገዝ የሚናገር አዋጅ በሠራዊታቸው ላይ ተበተነ። ቀጥሎ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም ቦምብ ወረደ። ቦምቦቹ አነስተኛ ነበሩ፤ አውሮፕላን አይቶ የማያውቀውን ሠራዊት ያሸበረው ከፍንዳታው ይልቅ ከሰማይ መምጣታቸው ነው። ራስ ጉግሣ በውጊያው ላይ ሞቱ። ውግዘትና ቦምብ በአንድ አውሮፕላን ተጭነው የሄዱበት ይህ ውጊያ የኢትዮጵያ የአየር ውጊያ ታሪክ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው። የታጠቀ አውሮፕላንን በኢትዮጵያ ምድር በጦርነት ላይ መጀመሪያ ያዋለው ባዕድ አልነበረም፤ የራሳችን መንግሥት በራሳችን ወገን ላይ ነው ያዋለው። በአርበኝነት መጻሕፍት ውስጥ ይህ እውነት ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ይታለፋል።

ትጥቅ የሌለው አየር ኃይል

ከአንቺም እስከ ማይጨው ስድስት ዓመት ነበረ። በእነዚህ ዓመታት አየር ኃይሉ ለምን አልጠነከረም? አንዱ ምክንያት የአውሮፕላኖቹ መዘበራረቅ ነው። ፖቴዝ፣ ዩንከርስ፣ ፎከር፣ ፋርማን፣ ሞዝ እየተባሉ ከየአገሩ በአንድ በሁለት የተገዙ ወይም በስጦታ የመጡ ስለ ነበሩ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም። የሠለጠነ ሰውም ጥቂት ነበር። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ በ1922 እና በ1923 ዓ.ም ከበረሩት ቀዳሚ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ናቸው፤ ከእነርሱ በቀር የነበሩት ብዙ አልነበሩም።

ከሁሉም የከፋው ግን የዲፕሎማሲው በር ነበር። በነሐሴ 1922 ዓ.ም እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ከኢትዮጵያ ጋር የተፈራረሙት የመሣሪያ ውል መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ መግዛትን ይፈቅዳል ተብሎ ነበር። በ1927 ዓ.ም ጦርነቱ ሲቃረብ ግን እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ አገዱ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ስላላት ዕገዳው የጎዳው ኢትዮጵያን ብቻ ነበር።

ወረራው ሲጀመር ኢትዮጵያ የነበሯት ደርዘን ገደማ አውሮፕላኖች፣ ጣሊያን ያሰለፈቻቸው ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። አሜሪካዊው ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰን የኢትዮጵያን አየር ኃይል ሲመራ ማጥቃት እንደማይቻል ያውቅ ነበር። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር አቃቂ ላይ «ኢትዮጵያ 1» የተባለ አንድ አነስተኛ አውሮፕላን እስከ መሥራት ደርሶ ነበር። የአብራሪዎቹ ሥራ መልእክት፣ መድኃኒትና ባለሥልጣን ማመላለስ ሆነ። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንም የቀይ መስቀል አውሮፕላን ያበር ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ቢሾፍቱ ላይ አዲሱን አየር ኃይል ያደራጀው ይኸው ሰው ነው።

ከሰማይ የወረደው መርዝ

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን አውሮፕላኖች አድዋን ደበደቡ። ኅዳር 26 ቀን ደሴ ተደበደበች፤ ቀይ መስቀል የተሰቀለበት ሆስፒታልም ተመታ። ባለ ሦስት ሞተሮቹ ካፕሮኒዎች ቦምብም ዕቃም የሚሸከሙ የቅኝ ግዛት አውሮፕላኖች ነበሩ። በሰማይ የሚገጥማቸው ስለሌለ መትረየሶቻቸው የሚተኩሱት ወደ ምድር፣ በሚያፈገፍግ ሰልፍ ላይ ነበር።

ወሳኙ ትጥቅ ግን ቦምብም ጥይትም አልነበረም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም አጋማሽ በተከዜ ግንባር በራስ እምሩ ጦር ላይ ያልታወቀ ነገር ወረደ፤ ራስ እምሩ ኋላ እንደ ተናገሩት በርሜል የመሰለ ነገር እየወደቀ ሲሰበር ፈሳሽ ይረጭ ነበር፣ የነካው ሰው አካልም ይቃጠልና ያብጥ ነበር። ይህ የሰናፍጭ ጋዝ ነው። ሲ.500.ቲ የተባለው ቦምብ 212 ኪሎ ገደማ የዚህን መርዝ ይዞ ከመሬት በላይ 250 ሜትር ያህል ላይ ሆኖ ይፈነዳል፤ ከዚያ እንደ ካፊያ ይወርዳል። ብዙ ሳይቆይ ከአውሮፕላኑ በቀጥታ የሚረጭ መሣሪያ ተጨመረ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም በጄኔቭ ለመንግሥታቱ ማኅበር እንዳስረዱት፣ አውሮፕላኖቹ ተከታትለው እየበረሩ ሰውን፣ ከብትን፣ ወንዝንና ግጦሽን አንድ ላይ ያረክሱ ነበር። ጣሊያን መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን እ.ኤ.አ. የ1925 የጄኔቭ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1928 አጽድቃለች፤ ስለዚህ ሕጉን አላወቅሁም ማለት አትችልም።

በሰማይ ላይ ተቀናቃኝ ባይኖርም ከምድር መመለስ ተሞክሯል። ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት በጎራሃይ የኦርሊኮን ፀረ አውሮፕላን መድፍ ይዘው ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። በደሴው ድብደባ ጊዜም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ፀረ አውሮፕላን ሲተኩሱ ታይተዋል። መሣሪያው ግን ጥቂት ነበር። በአንቺም በአውሮፕላን ታግዘው ያሸነፉት ራስ ሙሉጌታ በየካቲት 1928 ዓ.ም ከአምባ አራዶም ሲያፈገፍጉ ሠራዊታቸው ከአየር ተቀጠቀጠ፤ እርሳቸውም በዚያው ማፈግፈግ ላይ ሞቱ። የማይጨው ጦርነት የተካሄደውም መጋቢት 22 ቀን ነው፤ ከአንቺም ልክ በስድስተኛው ዓመት።

ዝናብ፣ ደንና ቦናያ

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ስትያዝ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ አልተያዙም ነበር። የጊዜው መንግሥት መቀመጫ ጎሬ ሆነ፤ ራስ እምሩም ወደዚያ አቀኑ። ክረምቱ በዚህ ጊዜ ገባ። ጎሬን፣ ማሻን፣ ቴፒንና ሚዛንን የሚያካትተው ምድር በኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው አንዱ ነው፤ ዓመታዊው ዝናብ በብዙ ቦታ ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። መንገድ ጭቃ፣ ወንዝ ሙላት፣ ሰማይ ደመና ሲሆን የሞተር ጦር አይንቀሳቀስም። ጫካውም ከላይ ለሚያይ ዓይን አንድ ወጥ አረንጓዴ ነው። የካፋና የሸካ ቡና የሚበቅለው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ያ ጥላ ሰውንም ይሸሽጋል። በሰሜኑ ገላጣ ሜዳ ላይ ያን ያህል የጨፈጨፈ ትጥቅ እዚህ ዒላማውን ማየት ይቸግረዋል።

ጣሊያኖች ስለዚህ ምዕራቡን በአየር፣ ያውም በማግባባት ሊይዙ አሰቡ። የነቀምቴው ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ፈቃዳቸውን ሰጥተው ነበርና፣ በሰኔ 1928 ዓ.ም ሦስት አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የአየር ኃይሉ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማልዮኮና ዝነኛው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ይገኙ ነበር። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆችና ምሁራን ያቋቋሙት፣ በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የሚመራው ጥቁር አንበሳ ወሬውን ሰማ። ከሰኔ 19 ለ20 አጥቢያ ጓዱ ሰፈሩን ከበበ፤ አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፣ ተሳፋሪዎቹም ተገደሉ። የተረፉት የነቀምቴን ሰዎች ለማግኘት ቀድመው የሄዱት ቄስ ማሪዮ ቦሬሎ ናቸው።

በወታደራዊ ሚዛን ሲታይ ቦናያ የጦርነቱን አቅጣጫ የለወጠ ድል አይደለም። ለአውሮፕላን ትጥቅ ታሪክ ግን ትልቅ ትምህርት አለው። ቦምብና መርዝ የያዘው አየር ኃይል ካሰለፋቸው ታላላቅ መኮንኖች አንዱን ያጣው በአየር ሳይሆን በምድር፣ በሌሊት፣ ጠመንጃና እሳት በያዙ ወጣቶች እጅ ነው። አውሮፕላን በሰማይ ሳለ ማንም የማይደርስበት ቢሆንም ማረፍ አይቀርለትም፤ የሚያርፍበትንም ምድር የሚጠብቀው ሰው ነው።

ጎጀብ፣ ከዚያም 1933

ዝናቡ ሲያቆም ሚዛኑ ተገለበጠ። የጣሊያን ዓምዶች ከአውሮፕላን በሚሰጥ ቅኝት እየተመሩ ወደ ምዕራብ ገፉ፤ ራስ እምሩም ከጎሬ ወደ ደቡብ አፈገፈጉ። ዛሬ ከጅማ ወደ ቦንጋና ሚዛን የሚሄድ መንገደኛ የሚሻገረው ጎጀብ ወንዝ ላይ ሲደርሱ ዙሪያቸውን ተከበቡ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም እጃቸውን ሰጡ። ወደ ጣሊያን ተግዘውም በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለ አብን የመሰሉ የጥቁር አንበሳ መኮንኖች ከየካቲት 12 በኋላ በነበረው ጭፍጨፋ ተገደሉ። ደኑ አውሮፕላኑን ቢያዘገየውም ምግብ፣ ጥይትና ረዳት የሌለውን ጦር ለዘላለም ሊሸሽግ አልቻለም።

መሐንዲሶች የሚያደንቁት የአየር ለአየር ውጊያ ወደ ኢትዮጵያ ሰማይ በስፋት የመጣው በ1933 ዓ.ም ነው። የጣሊያን ሲአር-42 አውሮፕላን ሁለት መትረየሶቹን በአፍንጫው ላይ ይዞ እንደ ድሮው በፕሮፔለር መካከል ይተኩስ ነበር። የእንግሊዞቹ ሀሪኬን ስምንቱን መትረየሶች በክንፎቹ ላይ ከፕሮፔለሩ ዙሪያ ውጭ ስላኖረ የእ.ኤ.አ. 1915ን ችግር ጨርሶ ትቶታል። በድሬዳዋ አካባቢ ሀሪኬን የያዙ የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች የበላይ ሆኑ። በደቡብ ምዕራብ ጅማ ሰኔ 14 ቀን ተለቀቀች፤ ጄኔራል ፒየትሮ ጋዜራም ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም በደምቢ ዶሎ ከኮንጎ ለመጣው የቤልጅግ ጦር እጁን ሰጠ።

ፍርዱ

የተረፈው ክርክር የእውነትና የክህደት ነው። ጣሊያን ውስጥ የመርዝ ጋዙን ነገር ለአሥርተ ዓመታት የካዱ ብዙዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ዝነኛው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ሰነድ እየጠቀሰ ሲሟገት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ በሥራ ላይ መዋሉን አመነ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ማመኑ ግን ስድሳ ዓመት ፈጅቷል።

ሦስቱን ትረካዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የምንደርስበት ፍርድ የሚከተለው ነው። የአውሮፕላን ትጥቅ የሚለካው በመትረየሱ ፍጥነት ወይም በቦምቡ ክብደት ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው መለኪያ ከፊቱ ተቀናቃኝ መኖሩ ነው፤ ጋሮስና ፎከር ለተቀናቃኝ የሠሩትን ትጥቅ ፋሺስቱ ተቀናቃኝ በሌለበት ሰማይ በገበሬ ላይ አዞረው። ሁለተኛው ሕጉን የሚያስከብር መኖሩ ነው፤ ጄኔቭ ሰማ እንጂ አልደረሰም። ሦስተኛው ምድሩ ነው፤ ዝናብና ደን አውሮፕላንን ሊያዳክሙ ይችላሉ፣ የምድሩን ጦር ግን አይመግቡም።

የደቡብ ምዕራቡ የዚህ ታሪክ ክፍል ከሰሜኑ ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ተጽፎበታል። ስለ ተከዜና ማይጨው ብዙ መጻሕፍት አሉ፤ ስለ 1928ቱ ክረምት ጎሬ፣ ስለ ጎጀብ ማፈግፈግ፣ በቡናው ጫካ ሥር ስላለፈው ሕዝብ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ፣ የጅማና የመቱ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የየዞኑ ባህል ጽሕፈት ቤቶችም የአባቶቻቸውን ወሬ የሰሙ አዛውንቶች ሳያልፉ ድምፃቸውን ይቅዱ፤ የማረፊያ ሜዳዎቹን፣ የተሸሸጉባቸውን ደኖችና የመቃብር ቦታዎቹን በካርታ ላይ ያስፍሩ። አንባቢም በቤተሰቡ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ ወይም የአርበኝነት ወረቀት ካለው ይህን ሥራ ለሚሠሩ ያሳይ።